ከደጃፍ እስከ ቆሼ፦ ስለ ከተማ ጥራጊና ስለ ዑደታዊ ምጣኔ ሀብት



ሰው ስለሚበላውና ስለሚለብሰው ነገር ሲመክርና ሲሟገት፥ ሕግ ሲያወጣና ግብር ሲደነግግ የኖረውን ያህል፥ ከበላና ከለበሰ በኋላ ስለሚቀረው ነገር ሲመክር አልኖረም፤ የተረፈውን ከደጃፉ አውጥቶ ከዓይኑ ካራቀው በኋላ ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋልና። ዛሬ በፊታችሁ ልገልጸው የምፈልገው ግን ጉዳዩ የሚጀምረው እዚያው ደጃፍ ላይ መሆኑን ነው። አንድ ቤተ ሰብ የጎመን ቅጠሉንና የሽንኩርት ልጣጩን፥ ወረቀቱንና ጠርሙሱን፥ ፌስታሉንና አመዱን ሁሉ በአንድ ማዳበሪያ ውስጥ አደባልቆ ባወጣ ጊዜ፥ በኋላ መሐንዲሱ ብዙ ሚሊዮን ብር አፍስሶ፥ ሐኪሙም ብዙ ደክሞ በቀላሉ የማይፈቱት ቋጠሮ ይቋጠራል። ይህንንም በአዲስ አበባ ታሪክ አስረጅነት ለማሳየት እሞክራለሁ፤ ከሩቅ አገር ምሳሌ መቅዳት ቀላል ቢሆንም፥ የራሳችን ከተማ በዚህ ነገር የከፈለችው ዋጋ ከማንም ከተማ ያላነሰ ትምህርት የሚሰጥ ነው።

ከመሐል ከተማው በስተ ደቡብ ምዕራብ፥ ረጲ በሚባለው አካባቢ፥ ሕዝቡ ቆሼ ብሎ የሚጠራው ስፍራ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት የከተማው ጥራጊ መድፊያ እንዲሆን ሲመረጥ፥ ከሰው መኖሪያ የራቀ ሜዳ ነበር። ከተማው ግን እያደገ ሄዶ ስፍራውን ከበበው፤ ከ30 ሄክታር የሚበልጠው ያ መሬትም ከ50 ዓመት ያላነሰ ጊዜ የመላውን ከተማ ጥራጊ ሳይለይ ሲቀበል ኖሮ ተራራ ሆነ። ሌላ መጠጊያ ያጡ ሰዎችም በተራራው ግርጌ ጎጆአቸውን ቀልሰው፥ ብዙዎቹ ከጥራጊው ውስጥ ብረትና ፕላስቲክ እየለቀሙ በመሸጥ ይተዳደሩ ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ የተራራው አንዱ ወገን ተንዶ ቤቶቹን ከነነዋሪዎቻቸው ቀበራቸው። ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም የሚበዙት ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ፤ በመላው አገርም የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ይህን ዛሬ የማነሣው የተዳፈነ ሐዘን ለመቀስቀስ አይደለም። ነገሩ ድንገተኛ መዓት ተብሎ እንዳይታለፍ፥ ምክንያቱ ከሥነ ፍጥረት ሕግጋት የሚመነጭ፥ ሊታወቅና ሊቀርም የሚቻል መሆኑን ለማስረዳት ነው።

የአዲስ አበባ ጥራጊ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የምግብ ትራፊና የአትክልት ልጣጭ፥ በጠቅላላውም በስባሽ ነገር ነው። በስባሽ ነገር አየር እያገኘ የፈረሰ እንደ ሆነ፥ በጫካ ውስጥ የወደቀ ቅጠል እንደሚሆነው ሁሉ፥ ያለ ብዙ ሽታና ያለ ጉዳት ወደ አፈርነት ይመለሳል። ሌላ ጥራጊ በላዩ እየተደፋበት አየር ያጣ እንደ ሆነ ግን፥ አየር የማይሹ ረቂቃን ሕዋሳት ይሠለጥኑበትና ሚቴን የተባለውን ተቀጣጣይ ጋዝ ያመነጫሉ፤ ይህም ጋዝ በመቶ ዓመት ሒሳብ ሲሰላ ምድርን በማሞቅ ረገድ የካርቦን ዳይኦክሳይድን 28 እጥፍ ያህል ኃይል ያለው ነው። የትራፊው ርጥበትና የክረምቱ ዝናብ ደግሞ በክምሩ ውስጥ ሲወርዱ የባትሪውን እርሳስ፥ የቀለሙን መርዝ፥ የመድኃኒቱን ቅሪት ሁሉ እያጠቡ ጥቁር ፍሳሽ ይሆኑና ወደ ከርሠ ምድር ውኃና ወደ ወንዝ ይሰርጋሉ። ከሥሩ በውኃ የራሰ፥ በውስጡ በጋዝ የተወጠረ፥ ሳይጠቀጠቅና ሳይደለደል ገደል ሆኖ የተከመረ ነገር አንድ ቀን መናዱ አይቀርም። በዚያ ተራራ ላይ ሰው የገደለው ፕላስቲኩ ወይም ብረቱ ብቻውን አይደለም፤ ከቤታችን የወጣው የምግብ ትራፊ ከቀረው ሁሉ ጋር ተደባልቆ መከመሩ ነው።

አደጋው ከመድረሱ ከአንድ ዓመት ያህል አስቀድሞ፥ በ2008 ዓ.ም.፥ ቆሼን የሚተካ አዲስ መድፊያ በሰንዳፋ አካባቢ ተከፍቶ ነበር። ነገር ግን የአካባቢው ገበሬዎች ሽታው እንደ በረታባቸው፥ ፍሳሹም ውኃቸውንና ከብቶቻቸውን እንደሚጎዳ እየገለጹ ስለ ተቃወሙ በጥቂት ወራት ውስጥ ሥራው ተቋረጠና የከተማው ጥራጊ ወደ ቆሼ ተመለሰ። በዚያን ጊዜ ገበሬዎቹን የልማት እንቅፋት አድርገው የነቀፉ ሰዎች ነበሩ፤ እኔ ግን እውነቱ ከገበሬዎቹ ጋር እንደ ነበረ አምናለሁ። አንድ ከተማ ራሱ ሊለየው ያልፈቀደውን ጥራጊ፥ ከዚያ ከተማ ብልጽግና ተካፋይ ያልሆነ ባላገር በማሳው ዳር እንዲቀበል የሚያስገድድ የፍትሕ ሕግ የለምና። መድፊያውን ከአንዱ አጥቢያ ወደ ሌላው አጥቢያ ማዛወር መከራውን ማዛወር እንጂ ማቃለል አይደለም።

ሁለተኛው መፍትሔ እሳት ነበር። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በዚያው በረጲ፥ ጥራጊ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ፥ በአፍሪካ የመጀመሪያው የተባለ ጣቢያ ተመረቀ፤ በቀን 1,400 ቶን ጥራጊ እንዲያቃጥል፥ 25 ሜጋዋት ኃይልም እንዲያመነጭ ታስቦ የተሠራ ነው። ይህን ሥራ ላቃልል አልሻም፤ ለዚያ ተራራ ሸክሙን የሚያቀልለት ማናቸውም ነገር የሚመሰገን ነው። ነገር ግን እሳትና ውኃ ከጥንት ጀምሮ የማይስማሙ ጠባይዓት መሆናቸውን መዘንጋት አይገባም። አንድ ኪሎ ውኃ አንድ ጊዜ ከፈላ በኋላ ፈጽሞ ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ 2,260 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ይፈጃል፤ ይህም ያንኑ ውኃ ከበረዶ ቅዝቃዜ እስከ መፍያው ለማድረስ ከሚያስፈልገው ሙቀት ከአምስት ጊዜ በላይ ይበልጣል። በጀበና ወይም በድስት ውኃ ጥዳ የምታውቅ እመቤት ሁሉ፥ ውኃው ለመፍላት የሚወስደው ጊዜና ተንኖ ለማለቅ የሚወስደው ጊዜ ምን ያህል እንደሚራራቁ ሳይነገራት ታውቀዋለች። እንግዲህ ከግማሽ በላይ የጎመን ቅጠልና የድንች ልጣጭ የሆነ፥ በክረምትም ዝናብ የጠገበ ጥራጊ ወደ ምድጃው ሲገባ፥ ከወረቀቱና ከፕላስቲኩ የሚገኘው ሙቀት አስቀድሞ የልጣጩን ውኃ በማድረቅ ይባክናል። የአውሮፓ ከተሞች ምድጃዎች በደንብ የሚሠሩት ጥራጊያቸው ደረቅ ስለ ሆነ ነው። በዚህም ላይ ምድጃ በየቀኑ መመገብ የሚፈልግ ነገር ስለ ሆነ፥ በእርሱ ብቻ የታመነ ከተማ ጥራጊውን ለመቀነስ የሚተጋበትን ምክንያት ያጣል።

በዘመናችን ሊቃውንት ዘንድ ዑደታዊ ምጣኔ ሀብት የሚባለው ሐሳብ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። እስከ ዛሬ የተለመደው ሥርዓት ከምድር ቆፍሮ ማውጣት፥ በፋብሪካ መሥራት፥ መጠቀምና መጣል ነበር፤ አዲሱ ሐሳብ ግን ዕቃው ገና ሲታቀድ እንዲጠገንና እንዲፈታ፥ ሲያልቅም ወይ ወደ ፋብሪካው ወይ ወደ አፈሩ እንዲመለስ ሆኖ ይሠራ የሚል ነው። የነገሩ ፍሬ ሁለት መንገድ መኖሩን ማወቅ ነው፤ ከምድር የበቀለው ሁሉ ወደ ምድር የሚመለስበት አንድ መንገድ፥ በእሳትና በጥበብ የተሠራው ብረት፥ መስተዋትና ፕላስቲክ ደግሞ ወደ ሠሪው የሚመለስበት ሌላ መንገድ አለ፤ ሁለቱ የተደባለቁ እንደ ሆነ ግን ሁለቱም ይዘጋሉ። በትራፊ የተለወሰ ወረቀት ወረቀት አይሆንም፤ የተሰበረ መስተዋትና የባትሪ ዝቃጭ ያለበት ብስባሽም ለማሳ አይሆንም።

ይህ ሐሳብ በአዲስ ስም ይጠራ እንጂ ለአባቶቻችንና ለእናቶቻችን እንግዳ አልነበረም። ከማእድ የተረፈ እንጀራ በፀሐይ ደርቆ ድርቆሽ ሆኖ ይቀመጥ ነበር፤ የጠላው አተላ ለላም፥ ፍሩሽካው ለበሬ ይሰጥ ነበር፤ ያረጀ ጋቢ የሕፃን መጠቅለያ፥ የሕፃኑም መጠቅለያ ሲያልቅ የኩራዝ ፈትል ይሆን ነበር። በየገዳማቱ የሚገኙትን የብራና መጻሕፍት የመረመረ ሰው፥ ካረጀ መጽሐፍ የተረፈ ቅጠል ለአዲሱ መጽሐፍ መሸፈኛ ሆኖ ከድጉሱ ሥር መሰፋቱን ብዙ ጊዜ ያገኛል። ይሁንና የጥንቱን ሁሉ ማመስገን ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው። በደገኛው አገራችን ደን ካለቀ ወዲህ የከብቱ እበት ኩበት ሆኖ በምድጃ መቃጠሉ፥ ወደ ማሳው ሊመለስ ይገባው የነበረውን ለምነት በየቀኑ በጢስ ሲያወጣው ኖሯል፤ ይህም ከችግር የተነሣ የተሰበረ ዑደት ነው። ማሳውን በእበትና በቤት ጥራጊ እያዳበረ፥ እርከኑን በድንጋይ እየካበ ለብዙ ትውልድ ያቆየው የኮንሶ ሕዝብ ግን ዑደቱን ሳይሰብር መኖር የሚቻል መሆኑን ያሳየናል።

አሁን ደግሞ ከመንገድ ዳር ሁለት ዕቃዎችን እናንሣ፤ አንዱ የቢራ ወይም የለስላሳ ጠርሙስ ነው፤ ሁለተኛው ሕዝቡ ሃይላንድ ብሎ የሚጠራው የፕላስቲክ ውኃ መያዣ ነው። በቦይ ውስጥ ተጥሎ፥ ቱቦ ዘግቶ፥ በክረምት ጎርፍ ወደ ሰው ቤት እንዲገባ የሚያደርገው ሃይላንድ ነው እንጂ የቢራው ጠርሙስ እምብዛም አይገኝም። ምክንያቱ ምንድን ነው? የሚጠጣው ሰው አንድ ነው፤ ጠባዩም አስተዳደጉም አንድ ነው። ልዩነቱ የቢራው ጠርሙስ ከነሣጥኑ መያዣ ገንዘብ የተከፈለበት መሆኑ ነው፤ ባለ ግሮሰሪው ባዶውን ካልመለሰ ሙሉውን አያገኝም፤ ፋብሪካውም ጠርሙሱን አጥቦ ደጋግሞ ይሞላዋል። በዚህ ዓይነት ውል የሚዞረው ጠርሙስ፥ ማንም ዑደታዊ ምጣኔ ሀብት ብሎ ሳይሰይመው ከአያቶቻችን ዘመን ጀምሮ ሲመላለስ ኖሯል። ሃይላንዱን ግን የሞላው ፋብሪካ ከሸጠው በኋላ አያውቀውም፤ የጠጣውም ሰው ባዶውን ቢጥለው የሚያጣው ገንዘብ የለም።

ስለዚህ ሕዝባችን ሥነ ሥርዓት የለውም፥ ንጽሕናን አያውቅም እያሉ በየስብሰባው የሚናገሩትን ሰዎች ቃል አልቀበልም። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ ጊዜ ተጠጥቶ በሚጣለው ዕቃ ላይ የ25 ሳንቲም መያዣ ካስቀመጡ ወዲህ፥ ከመቶው ከ95 የሚበልጠው ባዶ ዕቃ ወደ ሱቅ ይመለሳል፤ በዚያ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ፋንድ የሚባለውን ይህን ሥርዓት በሚገባ ያውቁታል፤ በከረጢት የሰበሰቡትን ባዶ ጠርሙስ በማሽኑ አፍ እየከተቱ ሒሳባቸውን ይቀበላሉ። እዚህ ቦይ ውስጥ የሚጥለውና እዚያ ቆጥሮ የሚመልሰው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። የተለወጠው የሰውየው ምግባር ሳይሆን በሰውየውና በአምራቹ መካከል ያለው ውል ነው፤ እንዲህ ያለውን ውል መደንገግም ስብከት ሳይሆን የሕግ አውጪው ሥራ ነው።

ይህ ውል በሌለበት በእኛ ከተማ እንኳ ዑደቱ ጨርሶ እንዳይበጠስ ጠብቀው ያቆዩ ሰዎች አሉ፤ ስለ እነርሱ ጥቂት ረዘም አድርጌ ብናገር ታገሡኝ። ማለዳ በየመንደሩ ማዳበሪያውን በትከሻው ጥሎ "ቆራሌው!" እያለ የሚዞረው ወጣት፥ ያረጀ ልብስና ጫማ ተቀብሎ አዲስ ሳፋ ወይም ብርጭቆ የሚሰጠው ልዋጭ፥ በቆሼ ላይ በሜንጦ እየጫሩ ብረትና ፕላስቲክ የሚለቅሙት ሴቶችና ወንዶች፥ በየቤቱ እየዞሩ ጥራጊ የሚሰበስቡት የማኅበር አባላት፥ እነዚህ ሁሉ ከማዘጋጃ ቤት ዕቅድ አስቀድመው የነበሩ፥ የከተማው ሁለተኛ ግምጃ ቤት ጠባቂዎች ናቸው። የሰበሰቡት ነገር ከሚሄድባቸው ስፍራዎች አንዱ በመርካቶ ያለው ምናለሽ ተራ ነው። እዚያ አንድ ባዶ በርሜል ምን እንደሚሆን ላፍታ ቆሞ ማየት ይገባል። ሠራተኛው ክዳኑን በመሮና በመዶሻ ዙሪያውን ቆርጦ ያወጣዋል፤ ገላውን በቁመቱ ሰንጥቆ በድንጋይ ላይ እየቀጠቀጠ ይዘረጋዋል፤ በምስማር ጫፍ ጭሮ ምልክት ካደረገ በኋላ አንዱን ቁራጭ የከሰል ምድጃ፥ ሌላውን አካፋ፥ ሌላውን የቡና መቁያ ያደርገዋል፤ ከጥጉ የተረፈው ቅንጥብጣቢ እንኳ በሚዛን ተሽጦ ወደ ብረት ማቅለጫ ይሄዳል። ያለቀ የመኪና ጎማም በዚያው ሰፈር በረባሶ ሆኖ ወደ ገጠር ይጓዛል። በዚያ ስፍራ ያለው የመዶሻ ድምፅ ለጆሮ የሚከብድ ቢሆንም፥ እኔ በከተማችን ውስጥ ካሉት የጥበብ ትምህርት ቤቶች እንደ አንዱ እቆጥረዋለሁ።

እነዚህን ሰዎች ረስቶ የሚወጣ ሥርዓት ምን እንደሚገጥመው የፓሪስ ታሪክ ይነግረናል። እ.ኤ.አ. በ1884 ዩጂን ፑቤል የተባለው የዚያ ከተማ አስተዳዳሪ፥ እያንዳንዱ ባለ ቤት ክዳን ያለው የጥራጊ ዕቃ እንዲያቀርብ፥ ጥራጊውም ሳይደባለቅ በስባሹ ለብቻ፥ ወረቀቱና ጨርቁ ለብቻ፥ መስተዋቱና ሸክላው ለብቻ እንዲወጣ አዘዘ። ትእዛዙ በጥበብ የተሞላ ነበር፤ ዛሬ እኛ የምንመክረውን ከ140 ዓመት በፊት አስቦታል። ነገር ግን በሺህ የሚቆጠሩት የፓሪስ ጨርቅ ለቃሚዎች ጥራጊው ከተከደነባቸው የዕለት እንጀራቸው እንደ ተቋረጠ ስላዩ ጮኹ፤ ባለ ቤቶችም ወጪውን ስለ ጠሉ አጉረመረሙ፤ መለየቱም እንደ ታዘዘው ሳይጸና ቀረ። የለቃሚውን እጅ የሥርዓቱ መጀመሪያ ያላደረገ አዋጅ፥ ፊደሉ የቱን ያህል የተዋበ ቢሆን፥ ሳይፈጸም ይቀራል።

የእኛም አገር አዋጅ አላጣችም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 እያንዳንዱ የቤተ ሰብ ኃላፊ መልሶ ሊሠራ የሚችለውን ጥራጊ ከሚወገደው እንዲለይ አዘዘ፤ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ፌስታል እንዳይመረትና ከውጭ እንዳይገባም ከልክሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ባጸደቀው አዲስ አዋጅ ደግሞ ክልከላው እጅግ ጠንክሯል። ፌስታሉ መከልከሉ መልካም ነው፤ ዘንቢል ይዞ ገበያ መውጣት የትናንት ልማዳችን ስለ ነበር፥ ብዙ የሚያስቸግር አይመስለኝም። የሚያሳስበኝ የመለየቱ ትእዛዝ ነው። እመቤቲቱ በቤቷ በሁለት ዕቃ ለይታ ብታወጣ፥ ሰብሳቢው በአንድ ጋሪ ላይ ደባልቆ ወደ ገንዳው ከወሰደው የለየችበት ድካም ከንቱ ይሆናል፤ ይህን አንድ ጊዜ ያየች እመቤትም ዳግመኛ አትለይም። ሰብሳቢውም የሚደባልቀው ከስንፍና አይደለም፤ የማኅበሩ ክፍያ ወደ ገንዳው በሚያደርሰው ብዛት የሚለካ ከሆነ፥ ከጥራጊው ላይ ለይቶ የሚያስቀረው ሁሉ ከክፍያው ይጎድልበታል። አዋጁ ለይ ይለዋል፤ ደሞዙ አትለይ ይለዋል፤ ሰው ደግሞ ልጆቹን የሚመግብለትን ቃል ይሰማል። ስለዚህ ከማናቸውም ማሽን ግዥ አስቀድሞ ሊስተካከል የሚገባው የክፍያው ደንብ ነው፤ ለይቶ ያመጣ ማኅበር ደባልቆ ካመጣው የበለጠ ይከፈለው፤ ከመድፊያው የቀረው እያንዳንዱ ቶን የጥራጊ ሥራ ጥሩ ውጤት ተብሎ ይቆጠር።

የሚለየውስ በመጀመሪያ ምንድን ነው? ብዙ ሰው ስለ ዑደት ሲነሣ ፕላስቲኩን ያስባል፤ ብረቱና ፕላስቲኩ ግን ጥቂትም ቢሆን ዋጋ ስላላቸው ቆራሌው ያገኛቸዋል። ማንም የማይፈልገው፥ ከሁሉም የሚበዛው፥ የቀረውንም ሁሉ የሚያበላሸው በስባሹ ነው። እርሱን ከወሰድንለት ምድጃው ደረቅ ማገዶ ያገኛል፤ የቆሼም ፍሳሽና ጋዝ ይቀንሳል፤ ወረቀቱም ሳይለወስ ለለቃሚው ይደርሳል። አምስት ሺህ ሰው ከጠገበ በኋላ ፍርፋሪው እንዲሰበሰብ ጌታ ማዘዙን፥ በአሥራ ሁለት መሶብም መሰብሰቡን በወንጌል የምናነብ ሕዝብ ነን፤ እንጀራን ማበርከት የሚቻለው አምላክ ፍርፋሪውን ካልናቀ፥ ማበርከት የማንችል እኛ ልንንቀው አይገባም።

በስባሹን ወደ አፈር የመመለስ ጥበብ ትዕግሥት እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። እንደ ደረቅ አገዳና ገለባ ያለው ነገር ካርቦን፥ እንደ አረንጓዴ ቅጠልና እንደ ትኩስ እበት ያለው ደግሞ ናይትሮጅን ይበዛበታል፤ ሁለቱ በየተራ ተነጥፈው፥ ካርቦኑ የናይትሮጅኑን ከ25 እስከ 30 እጥፍ ያህል ሲሆን፥ ረቂቃኑ ሕዋሳት ሥራቸውን በሙሉ ኃይል ይሠራሉ። በየንጣፉ መካከል ጥቂት አፈርና አመድ ይበተናል፤ በእጅ ሲጨመቅ ርጥበቱ የሚሰማ ውኃው ግን የማይንጠባጠብ እስኪሆን ድረስ ይርከፈከፋል። ከዚያ በኋላ ገበሬው ረዥም በትር በክምሩ መካከል ሰክቶ ይተወዋል፤ ከቀናት በኋላ መዝዞ በመዳፉ ሲይዘው በትሩ ከጋለ ሥራው ተጀምሯል፤ ከቀዘቀዘ ውኃ ወይም አረንጓዴ ነገር ጎድሎታል፤ ነጭ ሻጋታ ከያዘ ደርቋል። ሙቀቱ 55 ዲግሪና ከዚያ በላይ ለብዙ ቀን ሲቆይ የአረሙን ዘርና የበሽታውን ተሕዋስያን ይገድላል። ክምሩ እየተገለበጠ ከሦስትና ከአራት ወር በኋላ ጥቁር፥ ፍርክርክ የሚል፥ የደን አፈር ሽታ ያለው ነገር ይገኛል።

ይህም የሕልም ነገር አይደለም። ነፍሳቸውን ይማርና ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ያሰቡት፥ ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስም የመሩት ሥራ በ1988 ዓ.ም. ከትግራይ ግብርና ቢሮ ጋር በጥቂት መንደሮች ተጀምሮ፥ ገበሬዎች ብስባሽ እያዘጋጁ በማሳቸው እንዲጨምሩ አደረገ። በኋላ ምርቱ ሲመዘን፥ በብዙ የእህል ዓይነት ብስባሽ የገባበት ማሳ የፋብሪካ ማዳበሪያ ከገባበት ያላነሰ፥ አንዳንዴም የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ፤ የብስባሹም ኃይል ለተከታዩ ዓመት ስለሚተርፍ፥ በብድር ማዳበሪያ መግዛት የከበደው ገበሬ ዕረፍት አገኘ። ኩበቱ ጢስ ሆኖ ያወጣውን ለምነት መልሶ ለማሳው የሚሰጥ ነገር እንግዲህ በደጃችን አለ፤ እኛ ግን በመኪና ጭነን ወደ ቆሼ እንወስደዋለን።

ዑደቱ ፍጹም ይሆናል ብዬ አላታልላችሁም። ብዙው ፕላስቲክ በቀለጠ ቁጥር ኃይሉን እያጣ ይሄዳል፤ የሆስፒታል ጥራጊ በጥንቃቄ መቃጠል አለበት፤ የማይመለስ ቅሪትም ምንጊዜ አይታጣም፤ ለእርሱም ሥርዓት ያለው መድፊያ ያስፈልጋል። ቆሼንም ራሱን ለማስታመም፥ በጃፓን በፉኩኦካ በተፈለሰፈው ዘዴ፥ ከክምሩ ሥር ቱቦ እየተዘረጋ ፍሳሹ እንዲወጣና አየር እንዲገባ ለማድረግ በተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ድርጅትና በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቷል። ይህም ከላይ ያልሁትን ያጸናል፤ መድኃኒቱ አየር ነው፤ በስባሹ ከመጀመሪያው ተለይቶ ቢሆን ኖሮ ግን ይህ ሁሉ ቱቦ ባላስፈለገ ነበር።

ሥራው ከየት ይጀመር ለሚለኝ ሰው፥ መላውን ከተማ በአንድ ቀን ለማስለየት ከመታገል ይልቅ በስባሹ ለብቻው ተለይቶ ከሚገኝበት ስፍራ ከአትክልት ተራ ይጀመር እላለሁ። ገበያው ከፒያሳ ተነሥቶ፥ በጃን ሜዳ ከርሞ፥ ዛሬ ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ከተዛወረ በኋላ ሰፊ ቦታ አግኝቷል። በየቀኑ የሚወድቀው የጎመን ቅጠል፥ የተበላሸ ቲማቲምና የሙዝ ግንድ ፌስታልና ባትሪ ያልተደባለቀበት ነው፤ መለየት የሚባለው ድካምም እዚያ እምብዛም አያስፈልግም። ለዚያ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም ከመቂና ከባቱ የሚያመጡት የጭነት መኪናዎች ጭነታቸውን ካራገፉ በኋላ ብዙዎቹ ባዶአቸውን ይመለሳሉ። በገበያው አጠገብ የብስባሽ ማዘጋጃ ቦታ ቢሰጥ፥ ዛሬ በቆሼ የሚለቅሙት ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው በቋሚ ደሞዝ ቢሠሩበት፥ የደረሰው ብስባሽም ተነፍቶና ተመርምሮ በእነዚያው መኪናዎች በመለስተኛ ኪራይ ቢጫን፥ ሽንኩርቱን ላበቀለው ማሳ በማግስቱ ይደርሳል።